ሦስት ወጣት ሲራዎችና የጋሽ ለማ ቡፌ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አዳማ

ሾፌሬ ጀማል ደጃፌ ላይ ሲቆም ጡሩምባ አይነካም። ሱብሂን ሰግዶ የመጣ ሰው ጎረቤት አይቀሰቅስም ባይ ነው። ስወጣ የአሮጌ ኮሮላውን ኮፈን ከፍቶ ውሃ እየሞላ አገኘሁት። አብረን መጓዝ ከጀመርን ስድስት ዓመታችን ነው፤ ውላችንም ያው የድሮው ነው። መጠጥ ያለበትን ዕቃ እኔ እጭናለሁ፣ እኔው አወርዳለሁ። እሱ መኪናው ይሸከመው እንጂ እኔ አልሸከመውም ይላል፣ ሲለውም አይስቅም።

ዛሬ የጫንኩት አንድ የበረዶ ሣጥን ነው። ውስጡ ስድስት ጠርሙስ አለ፤ ሦስት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ሁሉም ከፈረንሳይ፣ ከሮን ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ሲራ ከሚባለው ጥቁር የወይን ፍሬ የተጠመቁ። ሁሉም ገና ልጆች ናቸው፤ ትልቁ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ የአንድ ሆቴል የመጠጥ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ላንጋኖ ዳር ያለው እህት ሆቴላችን ለምግብ ዝርዝሩ ሁለት ቀይ ወይን ምረጥልን ስላለኝ ነው የምሄደው። የቀመስኩትን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ልጽፍም ቃል ገብቻለሁ።

የጉዞው ግማሽ ይሄ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ባቱ ነው፤ እሱን ለጀማል እንኳ የነገርኩት ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው።

12 ሰዓት ከሩብ፣ ከሞጆ ወደ መቂ

ሞጆ ላይ የቆዳው ሽታ በመስኮት ገባ። ለቀማሽ አፍንጫ ጥሩ አይደለምና መስኮቱን ዘጋሁ። ጀማል በፍጥነት መንገዱ ልግባ ወይ ሲለኝ በአሮጌው እንሂድ አልኩት። ቶሎ መድረስ አልፈለግሁም። ይሄንን ሲያውቅብኝ ጊዜ ምን ሆነሃል ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ነገርኩት።

ባቱ ውስጥ ጋሽ ለማ የሚባሉ ሰው አሉ፤ የመስኖ ፓምፕ ሠራተኛ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። ልጃቸው ታሪኩ ጓደኛዬ ነበር። እኔ ያኔ ባቱ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ከከተማው አጠገብ ባለው የወይን እርሻ ላይ ግንድ ይገርዝ ነበር። አንድ ጊዜ የእርሻው ሰዎች ለአንድ የለቀማ ወቅት ፈረንሳይ ላኩት፤ ሮን ወንዝ ዳር፣ ገደል በሚያህል ዳገት ላይ ወይን ሲለቅም ከርሞ ተመለሰ። ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ሳን ጆሴፍ ከሚባለው ኮረብታ፣ ከሠራበት እርሻ የተጠመቀ ሲራ ነው። በገባበት ዕለት ማታ፣ የቡሽ መንቀያ ይዘህ ቶሎ ና ብሎ ላከብኝ። በቤታቸው መንቀያ አልነበረም።

መንቀያውን ከሆቴል ይዤ ሮጥኩ፤ ነጭ ሸሚዜን እንኳ አላወለቅሁም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እኔ ሆዬ ጠርሙሱን አገላብጬ ዓመተ ምህረቱን አየሁና፣ ኧረ ምን ነካህ፣ ይሄ እኮ ገና የሁለት ዓመት ነው፣ ወይን የሚጠጣው ሲያረጅ ነው፣ ለሠርግህ አስቀምጠው አልኩ። ታሪኩ እዚያ ያሉ ሰዎች ይሄን ዓይነቱን በልጅነቱ እንደሚጠጡት ነገረኝ። እኔ ሳቅሁበት። ልብ አድርጉልኝ፣ እስከዚያን ቀን በሕይወቴ የቀመስኩት ወይን ከኮካ ጋር የተቀላቀለ ብቻ ነበር። ጋሽ ለማ ልጃቸውን አዩ፣ ሸሚዜን አዩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ወስደው ቡፌው ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ከማይወጡት ብርጭቆዎች መሃል አቆሙት። መንቀያዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። በሦስተኛው ወር ታሪኩ በመኪና አደጋ ሞተ።

ጠርሙሱ እንደቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እኔ አዳማ ገብቼ ሥራው ራሱ ወይን አስተማረኝ፤ ታሪኩ ልክ እንደነበረም ያወቅሁት በዚያው ነው። ካወቅሁ ወዲህ የጋሽ ለማን ደጃፍ አልረገጥኩም። እሳቸው ግን በየበዓሉ ይደውሉልኛል፤ ሁልጊዜም ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ጠርሙሳችን ደህና ነው ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት የደወሉት ለሌላ ነበር። የታሪኩ ታናሽ እህት ሰናይት የፊታችን እሑድ ሳምንት ታገባለች። ጠርሙሱን በሠርጉ ማዕድ ላይ፣ በአማቾቹ ፊት፣ በታሪኩ ስም ሊከፍቱት ነው፤ ከፋቹም እኔ እንድሆን ፈልገዋል። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅተኛል!

መቂ ልንገባ ስንል ጀማል አንዴ ዞር ብሎ አየኝ።

"ዛሬ አንተ ካልነገርካቸው፣ የሠርጉ ዕለት በሰው ፊት ጠርሙሱ ራሱ ይነግራቸዋል" አለኝ።

1 ሰዓት ከአርባ፣ መቂ

መቂ የቲማቲም ከተማ ናት። በእንጨት ሳጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ በጆንያ የታሰረ ሽንኩርት፣ ጎመን የጫነ አይሱዙ፣ የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋል። አንዲት ቁርስ ቤት ገብተን ጀማል ፉል በላ። እኔ ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው የበላሁት፤ ቅመም የነካ ምላስ ወይን አይለይም። ባለቤቷ ታምሜ መስሏት ሻይ በነፃ ጨመረችልኝ። አልታመምኩም ብላትም አላመነችኝም፤ ፊቴ የሚያስተማምን አልነበረም መሰለኝ።

ባቱን ያለፍናት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የጋሽ ለማ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ጀማል ፍጥነቱን ቀነሰ። ስንመለስ አልኩት። ማርሽ ቀይሮ ነዳው።

4 ሰዓት፣ ላንጋኖ

የላንጋኖ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ እንደዚያ መልኩ የማያምር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ እንደዚያ የሚያምር ነፋስ ማግኘት የዚህ አገር ነገር ነው። ሆቴሉን የምታስተዳድረው ወይዘሮ ሰብለ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አዘጋጅታ፣ የፍየል ጥብስ አዝዛ ጠበቀችኝ። ቁም ነገረኛ ሴት ናት፤ የወይን ጠጅ ቋንቋ አትወድም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶቿ ቀይ የተባለውን ሁሉ ከኮካ ጋር እንደሚቀላቅሉት ነገረችኝ። እኔም አንዱ ነበርኩ አልኳት።

መጀመሪያ ክሮዝ ኤርሚታዥ። ይሄ ከሦስቱ ተጫዋቹ ነው። ገና ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ እንጆሪ ይሸታል፣ ወረድ ሲል አሁን የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። አፍ ላይ ቀላል ነው፤ ሰው አያስጨንቅም። ለፍየል ጥብስ፣ ያውም የጥብስ ቅጠል ለበዛበት፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አዋዜ ግን ራቅ ይበል፤ በርበሬና ሲራ አፍ ውስጥ ይጣላሉ። ሰብለ ቀምሼ ስተፋ አይታ ተቆጣች፤ በዚህ ዋጋ የተገዛ ነገር ይተፋል ወይ አለች። ሥራው ነው አልኳት።

ኮርናስ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር፣ ኮስታራ፣ ያልበሰለ ሙዝ ልጣጭ የነከሱ ያህል ድድ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ። ጥሩ ወይን ነው፣ ግን ገና አልተነሳም። ይሄንን ዓይነቱን ነው ማቆየት ያለበት ሰው፤ ያውም አስተኝቶ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ። እንዲህ ዓይነት ቦታ በቤቱ የሌለው አንባቢ ገንዘቡን ባይጥልበት እመክራለሁ።

ሳን ጆሴፍን መጨረሻ አደረግሁት። የሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ከዚያው ከታሪኩ ኮረብታ። ቡሹ ሲወጣ ለስለስ ያለ ድምፅ ሰጠ። ጥቁር እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ብረት የሚል ነገር። ሰብለ ስተፋ ልታይ ብርጭቆዬን ትጠብቅ ነበር። መትፋት አቃተኝ፤ ዋጥኩት።

እሷም ሳትቸገር መረጠች፤ ክሮዝና ሳን ጆሴፍ። አስተናጋጆቿን ስለ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቅረብ የሚባለው ክፍሉ ቀዝቃዛ የድንጋይ ቤት ለሆነበት አገር ነው፤ እዚህና አዳማ ግን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ይውጣ። ያልተከፈቱትን ክሮዝና ኮርናስ እዚያው ተውኩላት። ሁለተኛውን ሳን ጆሴፍ ግን ሣጥኑ ውስጥ በረዶ ጨምሬበት መለስኩት። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም።

8 ሰዓት ተኩል፣ ባቱ

መታጠፊያው ላይ ጀማል ሳያማክረኝ ታጠፈ።

ጋሽ ለማ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለት እጄን ይዘው "ባጋ ነጋን ዱፍተ" አሉኝ፤ እንኳን በደህና መጣህ ማለታቸው ነው። ሸምግለዋል። ግቢው የሠርግ ግቢ ሆኗል፤ የድንኳን ምሰሶ፣ የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር፣ በሸራ ላይ የተሰጣ ሽንኩርት። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ፣ ለምን ጠፋህብን አሉ፣ መልስ ሳይጠብቁም ወንበር አቀረቡልኝ። ሰናይት ልብሷን ልትለካ ወጥታለች። ጀማል በረንዳው ላይ ቀረ፤ ለስላሳ ወጣለት።

ቡፌው በነበረበት ነው። ከመስኮቱ ትይዩ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ቀጥ ብሎ የሚመታው ቦታ። ጠርሙሱ ዳንቴል ተነጥፎለት ቆሟል፣ ከጎኑ ታሪኩ ዳገቱ ላይ ቅርጫት ተሸክሞ የተነሳው ፎቶ አለ። እትዬ ዘነቡ በየቅዳሜው አቧራውን ራሳቸው እንደሚያነሱ፣ ሌላ ሰው እንደማያስነኩ ነገሩኝ። አውጥቼ ወደ ብርሃን አስጠጋሁት። ወይኑ ከአንገቱ በታች ሁለት ጣት ጎድሏል። ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ለሠርጉ ይሄን አይክፈቱት" አልኩ።

"ምነው?" አሉ። ጎንበስ ብለው ጠርሙሱን አዩት። "ገና ነው? ይቆይ?"

ይሄ ጥያቄ ነው የገደለኝ። ሽማግሌው አሁንም ሊጠብቁ ዝግጁ ናቸው።

"አይደለም ጋሼ። አልፎበታል። ያለፈበትም ድሮ ነው። ያን ማታ መጠጣት ነበረበት፤ ልክ የነበረው ታሪኩ ነው። እኔ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ነው አፌን ሞልቼ የተናገርኩት።"

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ለማ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቢቆጡ በወደድኩ፤ አልተቆጡም። ውጭ ሰው የድንኳኑን ምሰሶ ይመታል። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም።

"አንተስ ሳታውቅ ተናገርክ" አሉ ጋሽ ለማ። "እኔን ግን ልጄ ነግሮኝ ነበር። የገዛ ልጄን ቃል ትቼ የሸሚዝህን ቃል ሰማሁ።"

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙ፤ አጥብቀው ነው የያዙኝ፣ እንደ መቆጣትም እንደ ማጽናናትም።

"ምን ምን ይል ነበር?" አሉኝ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ያን ማታ ጠጥተነው ቢሆን ኖሮ።"

ሣጥኑን ላመጣ ልነሳ ፈለግሁ፤ እጄን አልለቀቁኝም። በረንዳው ላይ የወንበር እግር ሲጎተት ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ጀማል የበረዶ ሣጥኑን በሁለት እጁ ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። እግሬ ሥር አስቀምጦት ቀና አለ።

"ሣጥን ነው ያመጣሁት" አለ። "ውስጡን አላውቅም።" ተመልሶም ወጣ።

መንቀያውን ከኪሴ አወጣሁ። ያው የዚያን ማታው ነው፤ ለሆቴሉ ሳልመልሰው ቀርቼ እስከዛሬ የምሠራበት። እትዬ ዘነቡ ሳልጠይቃቸው ቡፌውን ከፍተው ብርጭቆ አወረዱ፤ ቂጡ ላይ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተነሳም። የእኔን ሳን ጆሴፍ ከፍቼ ለሦስታችን ቀዳሁ።

ጋሽ ለማ በመጀመሪያ አሸተቱ፤ ማንም ሳያስተምራቸው። ከዚያ ትንሽ ወሰዱ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። እትዬ ዘነቡ ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው አይጣፍጥም እንዴ አሉ። ጋሽ ለማ ቀና ሳይሉ፣ አይጣፍጥም፣ ታሪኩም አይጣፍጥም ብሎኝ ነበር፣ እንደ በርበሬ ይላል ነው ያለኝ አሉ። እንደገና ጠጡ።

"ይሄን ነበር?" አሉ።

"ይሄን ነበር ጋሼ። ከዚያው ኮረብታ ነው።"

ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡት። ጠጥተው ሲጨርሱ ፎቶውን አዩ።

"ጥሩ ነበር" አሉ።

ከዚያ የድሮውን ክፈተው አሉኝ። ይቅርብዎት አልኩ፤ ክፈተው አሉ። ቡሹ መንቀያው ላይ ተፈርፍሮ ወጣ። ሽታው ከርቀት ይሰማል፤ ኮምጣጤ፣ ከሥሩ የረጠበ ካርቶን። የቀዳሁት ጠብታ ያህል ነበር፤ ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ብርጭቆውን ሞሉት። አንድ ትልቅ ጉንጭ ወስደው ፊታቸው ተጨማደደ፣ ግን አልተፉትም።

"ይሄ የኔ ነው" አሉ።

ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ሥራዬ የተበላሸውን መትፋት ነው። የቀረውን ጠጣሁት።

"የኔም ነው" አልኳቸው።

ከወጣቱ ጠርሙስ የተረፈውን እትዬ ዘነቡ ከድነን ለሠርጉ እናድርገው ሲሉ ጋሽ ለማ በእጃቸው ከለከሉ። ሰናይት አሁን ትመጣለች፣ ስትገባ ትቅመስ አሉ። ለሠርጉ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ እንደዚሁ ልጅ የሆነ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ ዋጋውን ጠይቀው ሊሰጡኝ ሲሉ አልተቀበልኩም። ስወጣ ወደ ቡፌው ዞር ብዬ አየሁ። ዳንቴሉ ላይ ጠርሙሱ ቆሞበት የነበረው ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ባዶውን ሣጥን እኔ ተሸክሜ ወጣሁ። ጀማል የኋላውን በር ከፈተልኝ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከአርባ፣ አዳማ

በፍጥነት መንገዱ ተመለስን። ጀማል መንገዱን ሁሉ ስለ ጎማ ዋጋ አወራኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሌላ ነገር እንዳላስብ ብሎ ነው። ሞጆ ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ደጃፌ ላይ ሲያወርደኝ፣ እሑድ ሳምንት ለሠርጉ ስንት ሰዓት እንውጣ ብሎ ጠየቀኝ። በማለዳ አልኩት።

ለላንጋኖ ሆቴል የምልከው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ማታውኑ ሞላሁት። ስም፣ አገር፣ ቀለም፣ ከምን ጋር ይበላል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል። ለክሮዝ ኤርሚታዥ ሁለት ዓመት ብዬ ጻፍኩ፣ ለኮርናስ አሥር፣ ቀዝቃዛ ጨለማ ካለ። ሳን ጆሴፍ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የወይን መጽሐፉ ስድስት ዓመት ይላል፤ መጽሐፉ ልክ ነው። እኔ ግን ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል በሚለው ክፍት ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ያመጣው ሰው ቤት በገባበት ማታ ይከፈት።